የሻምበል ስፌት

ፈረሳችን ሻምበል ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከደብረ ዘይት የተመለሰው በአይሱዙ ተሳፍሮ ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ፈረስ ሰው ሲያሳፍር እንጂ ራሱ ሲሳፈር አይቼ ስለማላውቅ፣ ሻምበል ሄዶ ሹመት አግኝቶ የመጣ መሰለኝ። መኪናው የአሰላን ዳገት እያቃሰተ ወጥቶ በራችን ላይ ሲቆም አክስቴ እታገኘሁ ከኋላ፣ ከፈረሱ ጎን ቆማ ነበር። ጋቢና ውስጥ ክፍት ወንበር እያለላት ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው ጭዱ ላይ ቆማ፣ አንገቱን አቅፋ ነው። ፀጉሯ አቧራ ጠጥቶ የአሮጊት መስሏል። ሻምበል ግን ደረቱ በነጭ ፋሻ ተጠምጥሞ፣ የአክስቴን ቡልኮ ደርቦ፣ ሰፈሩን ቁልቁል ያያል።

«ቀስ በሉ! የተሰፋ ነው! እንዳትነኩት!» ትላለች አክስቴ፣ ገና ማንም ሳይነካው።

ጎረቤታችን ጋሽ ሐቢብ ከምስማርና ቆርቆሮ ሱቁ ሮጦ መጥቶ መውረጃውን ሳንቃ በትከሻው ደገፈ። «አላህ ያሽረው! እሱስ ደህና ነው እታገኘሁ፣ አንቺን ግን የሚያስታምም ሰው ሳያስፈልግ አይቀርም» አላት።

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አክስቴ ታማለች ማለት ነው ብዬ ፊቷን ሳይ ዋልኩ።

እታገኘሁ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። አያቴ ሲያርፍ የእህል ሱቁን ለአባቴ፣ ጋሪውንና ፈረሱን ለእሷ ትቶ ነበር። ትሸጠዋለች ብሎ ሰው ሁሉ ሲጠብቅ፣ ከሐዘኑ እንደተነሣች ጅራፏን ይዛ ጋሪው ላይ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ከወፍጮ ቤት ዱቄት እየጫነች ለዳቦ ቤቶች የምታደርሰው እሷ ነች። ሽማግሌ የሚልኩባት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ግን ካገባሁሽ በኋላ ጋሪው ይቀራል ብሎ ተናገረና እሱው ቀረ። ሠላሳን አልፋ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። ሻምበል ደረቱ ላይ፣ የጋሪው ጠፍር በሚያርፍበት ቦታ፣ እጢ ያበቀለ ጊዜ አክስቴ እህል አልቀምስም ብላ ነበር።

እጢው በቀዶ ጥገና ካልወጣ ፈረሱ አይተርፍም ብሎ ደብረ ዘይት ወደ እንስሳት ሆስፒታል የላከው ዶክተር ፍሰሐ ነው። ዶክተር ፍሰሐ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰው ሲያናግረው ጫማውን የሚያይ። ከእንስሳ ጋር ሲሆን ግን ምላሱ ይፈታል። ሻምበል የተመለሰ ዕለት መጣና የአያያዙን ሕግ ሁሉ የነገረው ለፈረሱ ጆሮ ነው፤ አክስቴ አጠገቡ ቆማ አዳመጠች።

«መኝታህ ደረቅ ይሆናል፤ ጭዱ ጠዋትና ማታ ይለወጣል። ቁስልህ ላይ ዝንብ አያርፍም። ፉርሽካ በለብ ያለ ውሃ ትበላለህ። መሮጥ የለም፣ መጎተትማ ጭራሽ። በእጅ ተይዘህ ትንሽ ትንሽ ትራመዳለህ። ሌላ ፈረስ አጠገብህ አይደርስም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በተለይ ባዝራ።»

«ባዝራ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ሴት ፈረስ» አለች እናቴ።

«ለምንድን ነው የማትደርሰው?»

«አንቺ ልጅ፣ ሂጂ ተጫወቺ!»

ዶክተሩ ይህን ክልከላ ሲያወራ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ክፋት የሚሠራ ሰው ጆሮው ይቀላል ብዬ ያዝኩት።

ዶክተሩ አንድ ካዘዘ አክስቴ ሦስት ታደርጋለች። ዝንብ አይረፍበት ስላለ፣ የእኔን አልጋ አጎበር አውልቃ በረቱ ጣሪያ ላይ ሰቀለችለት። አሰላ ብርዱ እንጂ ወባው የማይፈራበት አገር በመሆኑ አጎበሩ ለእኔ ጌጥ ብቻ ነበር፤ ቢሆንም አለቀስኩ። ጭዱን በእጇ እየበጠሰች እሾህ ትለቅምለታለች። ቁስሉን የምታጥብበት ውሃ ፈልቶ፣ ጨው ገብቶበት፣ በርዶ፣ በክርኗ ተለክቶ ነው የሚቀርበው። አባቴ ሬዲዮኑን ከበረቱ ጎን አንሥቶ ወደ ጓዳ እንዲወስድ ታዘዘ፤ ዜና ፈረሱን ያስደነግጠዋል ተባለ።

«እኔ አፔንዲስ ወጥቶልኝ ስመለስ ማን ቡልኮ አለበሰኝ?» አለ አባቴ።

«አንተ ዱቄት አትጭንም» አለችው።

ጎረቤቱ ሊጠይቀው ይመጣል። ጋሽ ሐቢብ ገብስ ይዞለት መጣ፣ የሰንበቴ ሴቶች በመስኮት አይተው «እግዜር ይማርህ» ብለውት ሄዱ። ዶክተር ፍሰሐ ደግሞ በየቀኑ ነው። ከቦርሳው ቴርሞሜትር አውጥቶ የሚለካው በየት በኩል እንደሆነ በዓይኔ ስላየሁ፣ በዚያው ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ ያንኑ የመስታወት ዕቃ ስታወጣ አጥር ዘልዬ ነው ያመለጥኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በረቱ በር ላይ ቁጭ ብዬ እነሱን አያለሁ። ዶክተሩ ስፌቱን ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣ አክስቴ ልጓሙን ይዛለች።

«እንዴት አደረ?»

«ደህና አድሯል።»

«ብቻውን ነው የሚያድረው?»

«አዎ፣ ብቻውን ነው።»

«ብቸኝነት ጥሩ አይደለም» አለ ዶክተሩ። ጆሮው ቀላ። «ለቁስል ማለቴ ነው።»

«ለቁስል ብቻ?»

ዶክተሩ ጥጡን ጣለ፣ አነሣ። «ለምግብ ፍላጎትም… ለምግብ ፍላጎትም ይጎዳል።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች አክስቴ፤ የሻምበልን ጋማ ግን መደባበስ አቆመች።

ዛሬ ሳስበው በዚያ ንግግር ውስጥ ፈረስ አልነበረም። ያኔ ግን ለእኔ የተነገረው ሁሉ የሕክምና ነገር ነው፤ የሻምበል ችግር ብቸኝነት መሆኑን ከሐኪሙ አፍ ሰማሁ። ታዲያ ሕመሙን ያወቀ ሰው ለምን ባዝራ ይከለክለዋል? ዶክተሩን ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠላሁት።

በሳምንቱ ይሁን በዚያው ሰሞን፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ ስንዴ ጆንያ ላይ ጋደም ብያለሁ፤ እናትና አባቴ የተኛሁ መስሏቸው ያወራሉ።

«ምስኪን» አለች እናቴ። «ልቡ ነው የታመመው። ያ ስፌት ምክንያት ነው እንጂ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቀዋል፣ ለምን አይናገርም?» አለ አባቴ።

«ምን ያድርግ፣ አፍ የለው! ዓይኑን ብቻ እያንከራተተ…»

«ካልተጋባ አይድንም በዪኛ።»

«አይድንም! ደግሞ ካልፈጠነ ሊሄድብን ነው። አቦምሳ ሊወስዱት እንደሆነ ሰምተሃል?»

«አቦምሳ?» አለ አባቴ። «ለእሷ ነግሯታል?»

«በምን አፉ?»

ጆንያው ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። አፍ የሌለው ሻምበል ነው፤ ዓይኑን የሚያንከራትተው ሻምበል ነው። አቦምሳንም አውቀዋለሁ፤ አባቴ እህል ሊገዛ ሲወርድ የሚነግረን የከብት ገበያ ያለበት ቆላ ነው። ወደዚያ የተነዳ ከብት ሲመለስ አላየሁም። አክስቴ ደግሞ ምንም አታውቅም፤ ጭድ ውስጥ እሾህ ትለቅማለች።

ነገሩን ለጋሽ ሐቢብ ልጅ ለሂክማ ነገርኳት። ሂክማ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ የሁለት እህቶቿን ሰርግ ስላየች ስለ ጋብቻ የማታውቀው የለም።

«ሎሚን እንስጠው» አለች ወዲያው። ሎሚ የአባቷ ባዝራ ነች፤ በገበያ ቀን ምስማርና ቆርቆሮ ወደ ገጠር የምትጭን። «ግን ዝም ብሎ አይሆንም፤ ሽማግሌ መላክ አለበት።»

«ሽማግሌ ከየት እናመጣለን?»

«እኛ ነና።»

የእናቴን ነጠላ እኔ፣ የአባቷን ኮፍያ እሷ አድርገን ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆምን። ጋሽ ሐቢብ ለአንድ ገበሬ ምስማር እየመዘነ ነበር። ገበሬው «ገለቶማ» ብሎ አመስግኖ ሲወጣ በእኛ ተደናቀፈ።

«ምን ፈለጋችሁ? ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ ጋሽ ሐቢብ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አለች ሂክማ፣ ለገዛ አባቷ።

ጋሽ ሐቢብ ሚዛኑን አስቀመጠ። ሰው አክባሪ ነው፤ ተነሥቶ ቆመ። «እሺ፣ ጉዳያችሁ ምንድን ነው?»

«ሎሚን ለሻምበል እንዲሰጡን ነው የመጣነው» አልኩ።

ለረጅም ጊዜ አሳለው። ከዚያ ከንፈሩን በመሃረብ ይዞ «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አለ።

«ጋሪ ይጎትታል። አሁን ሐኪም ዕረፍት ሰጥቶታል።»

«ይጠጣል?»

«ለብ ያለ ውሃ ብቻ።»

«ጨዋ ነው እንግዲህ። ሲድን እናየዋለን። በእኔ በኩል እንቢታ የለም» አለና ከረሜላ ሰጠን። ጨዋታ መስሎት ነበር። ለወራት ያህል ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሲያወራው እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። እኛ ግን ከረሜላውን እየመጠጥን የወሰድነው «እንቢታ የለም» የሚለውን ነው። «ሲድን» ያለውን ተውነው፤ ሳይጋባ እንዴት ይድናል?

እሑድ ሆነ። ምሳ ተበልቶ አባቴ ጋደም ብሏል። እናቴ ድልዝ በርበሬዋን ግቢው መሃል ሸራ ላይ አስጥታ፣ ዶሮ ጠብቂ ብላኝ ከአክስቴ ጋር ጓዳ ገብታለች። ሂክማ ሎሚን በገመድ እየሳበች በጓሮው በር መጣች። አንገቷ ላይ የአክስቴን አዲስ ነጠላ አሰርንላት። ሎሚ ጭነት እንጂ ሰርግ ስለማታውቅ በርበሬውን እያሸተተች ትጎተታለች።

ገና በረቱ ጋ ሳንደርስ ሻምበል አሽካካ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ደስታ ነው አልኩ። ቀጥሎ የበረቱ በር ሳንቃ አንዴ ጮኸ፣ ሁለተኛ ሲመታው ተገንጥሎ ወደቀና ሻምበል ወጣ። አጎበሬ ከነገመዱ ተነቅሎ ከጆሮው እስከ ጅራቱ ተከናንቦታል። ሙሽሪት እሱ ነው የሚመስለው። ሎሚ ይህን ነጭ ነገር ስታይ በኋላ እግሯ አየሩን ረግጣ፣ ሂክማን በገመዱ እየጎተተች ወደ መንገድ ወጣች። «አባዬ! አባዬ!» የሚለው የሂክማ ድምፅ እየራቀ ሄደ። ሻምበል ሊከተላት ሲዞር እግሩ ሸራውን ረገጠ፤ ተንሸራተተና በደረቱ በርበሬው ላይ ወደቀ። ሲነሣ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ ቀይ ነበር።

አክስቴ በባዶ እግሯ ወጣች። እየዘለለ ካለው ፈረስ ፊት ሄዳ ቆመችና በሁለት እጇ ልጓሙን ያዘች። ከዚያ ደረቱን አየች።

«ፈረሰ!» አለች። «ስፌቱ ፈረሰ! ፈረሴ አለቀ!»

እታገኘሁ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። በአያቴ ለቅሶ እንኳ እንግዳ ስታስተናግድ ነው የዋለችው። ፊቷን የሻምበል አንገት ውስጥ ቀብራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳይ፣ የወደቀውን የበረት ሳንቃ አንሥቼ ቦታው ልመልሰው ታገልኩ።

አባቴ ስልኩን ገና ከጆሮው ሳያወርድ ዶክተር ፍሰሐ በሩ ላይ ደረሰ። እንዴት እንዲህ ፈጠነ ብሎ ማንም አልጠየቀም። ያኔ ሰፈራችንን መዞር የእሑድ ሥራው እንደነበር ያወቅነው ቆይተን ነው። ያ ጫማውን የሚያይ ሰው እየሮጠ፣ «እታገኘሁ! አንገቱን ያዢው! እንዳትለቂው!» ብሎ ጮኸ።

አንቺ አላት። እስከዚያ ቀን እርስዎ እንጂ አንቺ ብሏት አያውቅም። አሁን በጥፊ ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አክስቴ ግን «ይዤዋለሁ» ብቻ አለች።

ዶክተሩ ተንበረከከ፣ በውሃ የራሰ ፎጣ ተቀብሎ ደረቱን ጠረገ። ቀዩን አየው። አሸተተው። አስነጠሰው።

«በርበሬ ነው» አለ።

ሻምበልም አስነጠሰ፤ በአፍንጫው ያለውን በሙሉ ዶክተሩ ሸሚዝ ላይ አራገፈው። ነፋሱ ሲዞር አባቴ ጀመረ፣ ተከትላ እናቴ። ሁላችንም እንባችን እየወረደ ስናስነጥስ ደጅ ላይ የተሰበሰበው ሰው ፈረሱ ሞተ ብሎ ከንፈሩን መጠጠ።

«ማነው ባዝራ ያስገባው?» አባቴ ክንዴን ያዘ። «መክሊት! አንቺ ነሽ?»

ሁሉን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። «ካልተጋባ አይድንም ብላችኋል! ልቡ ታሟል፣ አፍ የለውም፣ ካልፈጠነ አቦምሳ ሊወስዱት ነው ብላችኋል! እሱ ደግሞ» አልኩ ዶክተሩን እየጠቆምኩ፣ «ብቸኝነት መጥፎ ነው እያለ መጋባት ይከለክላል!»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ትከሻዋ ሲርገፈገፍ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። አባቴ ክንዴን ለቆ ሰማዩን ያይ ጀመር። ዶክተሩ ከተንበረከከበት አልተነሣም።

አክስቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። «አቦምሳ የሚሄደው ማነው?»



«እኔ ነኝ» አለ ዶክተሩ፣ የፈረሱን ጉልበት እያየ። «ተዛውሬያለሁ።»

አክስቴ እጇን ዝቅ አድርጋ የሻምበልን ደረት ነካች። በርበሬው የተጠረገበት ቦታ ቆዳው ገጥሞ፣ ዙሪያው ላይ አዲስ ፀጉር በቅሎ ነበር። ያን ሁሉ ረግጦና ወድቆ አንዲት ክር አልተበጠሰችም።

«ይሄ ድኗል» አለች።

«ድኗል።»

«ዛሬ አይደለም የዳነው።»

«ዛሬ አይደለም።»

«ታዲያ ስፌቱን ለምን አልፈቱትም?»

ዶክተሩ ቀና አለ። ዓይኑ በበርበሬው ቀልቶ ነበር፤ በበርበሬው ብቻ መሆኑን አላውቅም። «መሄዴን ስፌቱን የፈታሁ ቀን ልነግርዎ ነበር» አለ። «ስለዚህ አልፈታሁትም።»

ደጅ ላይ ከቆሙት ሴቶች አንዷ «እሰይ!» ስትል ሌላዋ አፏን ያዘቻት።

«አሁን ይፍቱት» አለች አክስቴ።

ፈታው። መቀሱን በአልኮል ጠርጎ፣ አንዷን ክር ቆርጦ በመቆንጠጫ ይስባል፣ ያያታል፣ ወደ ሁለተኛዋ ይሄዳል። እንደዚያ ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው አላየሁም። እናቴ ምሳ የቀረ አለ ልትል ስትነሣ አባቴ በዓይኑ አስቀመጣት። ሻምበል ቆሞ ያኝካል። የመጨረሻዋ ክር ስትወጣ ዶክተሩ ቦርሳውን ዘጋ።

«እንግዲህ ጨርሻለሁ» ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

«ዶክተር» አለች አክስቴ። «የታመመ ፈረስ እንዴት እንደሚያዝ ነግረውኛል። የዳነው እንዴት እንደሚያዝ ግን አልነገሩኝም።»

ዶክተሩ ዞረ። «እሱማ… ረጅም ነው። በአንድ ቀን አያልቅም።»

«አቦምሳ አውቶቡስ የለም?»

«አለ። በየቀኑ አለ።»

«ከእንግዲህ የተከለከለ ነገር ይኖራል?»

«የለም» አለ ዶክተሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ቀጥ ብሎ እያየ። «ከእንግዲህ የተከለከለ ነገር የለም።»

«እንግዲያው ምን ያስቆምዎታል፣ ይቀመጡ» አለችና ያንን የተገነጠለ ሳንቃ በእጇ ጠርጋ አቀረበችለት።

አቦምሳ መሄዱ አልቀረም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በአውቶቡስ ይመጣ ነበር። ሰርጋቸው የሆነው ከፋሲካ በኋላ ነው። ጋሽ ሐቢብ የሽማግሌዎቹ መሪ ሆኖ ሲመጣ ሳቁን መያዝ አቅቶት ንግግሩን አባቴ ጨረሰለት። አክስቴ ቆላ ስትወርድ ሻምበልን ሙቀቱ ይጎዳዋል ብላ ለአባቴ ተወችው፤ በስልክ ግን ጭዱ ደርቋል ወይ እያለች እስኪያረጅ ድረስ ስትጨቀጭቀን ኖረች። በቅርቡ አቦምሳ ሄጄ፣ ቁስሉ መዳኑን መቼ እንዳወቀች ጠይቄያት ነበር። «ጠዋትና ማታ የማጥበው እኔ» አለችኝ፤ «ከእኔ በፊት ማን ያውቃል?»

ያን እሑድ ይህን ሁሉ የት አውቄው። ሰው ሁሉ ሲበታተን፣ ለበርበሬው የተገባኝን ቁንጥጫ ተቀብዬ በአጥሩ ሥር ተቀምጫለሁ። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሂክማ አንድ ዓይን ብቅ አለ። ጉልበቷ ተልጦ፣ ነጠላው ተቀዶ፣ ሎሚ ወፍጮ ቤት አጠገብ እንደተያዘች ነገረችኝ። ከዚያ ሹክ አለችኝ፦

«እሺ፣ ተጋቡ?»

«ገና ናቸው» አልኳት። «ግን ዶክተሩ እሺ ብሏል።»